ንጉሥ ሚካኤልና የሰገሌ ግማሽ ታሪክ

በደሴ ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር ንጉሥ ሚካኤልን አስባለሁ። ከተማዋን መናገሻቸው ያደረጉት፣ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በግዞት ሳሉም አረፉ።

ሰገሌ ብዙ ጊዜ የሸዋና የወሎ፣ የክርስቲያንና የእስላም ጠብ ተደርጎ ይተረካል። ይህ ግማሽ ታሪክ ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበላቸው በቅኝ ግዛቶቻቸው የከበቡንን እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስግቷል፤ አዲስ አበባ ያሉት ለገሲዮኖቻቸውም ተቃውሞና ግፊት አድርገዋል።

የባዕድ እጅ መኖሩ የእኛን ጥፋት አይሽርም። ሆኖም መዝገቡን ሙሉ ሳያነብ የሚፈርድ ዳኛ የለም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ የገባውንም ጦርነት ጎረቤትን ብቻ በመክሰስ አንረዳውም።