ኔቪል ጎዳርድና የእኔ ጥርጣሬ

ስለ ኔቪል ጎዳርድ ለመጻፍ የተነሣሁት ተናድጄበት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አያቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን አንድ የዶርም ጓደኛዬ የዚህን ሰውዬ ትምህርት ስልኬ ላይ ጫነልኝ። የተመኙትን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ፣ በዓይነ ሕሊና እያዩ መተኛት፤ ከዚያ ይሆናል። ዛሬ ብዙ ወጣት ማኒፌስት ማድረግ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ አያቴ ረከቦቷ ሥር ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ እያየሁ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በመሃል በመሃል እንደማትድን ውስጤ ይነግረኝ ነበር። አያቴ አረፈች። ከዚያ በኋላ ለወራት እንቅልፍ የነሣኝ ኀዘኑ ብቻ አልነበረም። ባልጠራጠር ኖሮ ትድን ነበር የሚለው ሐሳብ ነው የበላኝ። ይህን ደግሞ ለማንም አላወራሁም። ለቤተሰብስ ምን ተብሎ ይወራል?

ስለዚህ የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል፣ ጓደኞቼ ስለ አርበኛና ስለ ደራሲ ሲጽፉ እኔ እሱን ያዝኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ኔቪል የተወለደው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1905 በካሪቢያኗ ደሴት በባርቤዶስ ነው። ዘጠኝ ወንዶችና አንዲት ሴት ባሉበት ቤት አራተኛው ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ነጋዴ ነው፤ የአባቱ ስም ያለበት ኩባንያ ዛሬም ባርቤዶስ ውስጥ ይሠራል። ኔቪል ግን ንግዱን ትቶ በ1922፣ በ17 ዓመቱ፣ ድራማ ሊማር ኒውዮርክ ገባ። ዳንሰኛና ተዋናይ ሆነ። ከ1929 በኋላ የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘና ኪሱ ባዶ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ የሚያስቆም ነገር የሚመጣው። ኔቪል በ1931 አብዱላህ ከሚባል ኢትዮጵያዊ ራቢ ጋር ተገናኘሁ ይላል። ወደ ሰውየው ሂድ ብሎ የመከረው ጓደኛው ገንዘቡን በማይረባ ነገር የጨረሰ ስለነበረ፣ የሱን ምክር ንቆ ለወራት ሳይሄድ ቆይቶ ነበር። ሲሄድ አብዱላህ በስሙ ጠርቶ ስድስት ወር እንደዘገየ ነገረው። ከዚያ ዕብራይስጥና መጽሐፍ ቅዱስን፣ የአይሁድን የምሥጢር ትምህርት ካባላንም ጨምሮ፣ ለአምስት ዓመት ያህል አስተማረው። አብዱላህን የምናውቀው በዋናነት ከኔቪል አፍ ነው። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ይከነክነኛል፤ እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው እንጃ።

በ1933 መገባደጃ ኔቪል አገሩ ናፈቀው። ገንዘብ ግን የለም። አብዱላህ ባርቤዶስ እንዳለ ቆጥሮ፣ በልጅነት ቤቱ አልጋ ላይ እንደተኛ እየተሰማው እንዲተኛ አዘዘው። ኔቪልም ያደርጋል፤ ጠዋት ሲነሣ ግን ያው ኒውዮርክ ነው። ሳምንታት አለፉ። እየተመላለሰ ገና አልሄድኩም እያለ ያማርራል። አንድ ቀን አብዱላህ ምንም ሳይመልስለት ጀርባውን ሰጥቶት ሄደና በሩን ዘጋበት። ባርቤዶስ ካለ ሰው ጋር ኒውዮርክ ላይ ምን ወሬ አለ ማለቱ ነው! (ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።) በመጨረሻ ከታላቅ ወንድሙ ከቪክተር ደብዳቤ መጣ፤ ለገና ቤተሰቡ እንዲሰበሰብ የመርከብ ትኬትና ጥቂት ገንዘብ ልኮለታል። ትኬቱ ሦስተኛ ማዕረግ ነበር፤ ወደቡ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ተሳፋሪ ስለቀረ አንደኛ ማዕረግ ቦታ እንደተገኘለት ይናገራል።

ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ኔቪል እየተጠራጠረ ነበር እኮ! እስከ መጨረሻው ሲያማርር፣ ሲመላለስ ነበር። ትኬቱ ግን መጣ። በራሱ በሰውየው ታሪክ ውስጥ ጥርጣሬ ምንም ነገር ካላስቀረ፣ የእኔ ጥርጣሬ አያቴን እንዴት ሊገድል ይችላል? ደግሞ ትኬቱን የላከው የነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ ገናም እየቀረበ ነበር። እነዚህ ነገሮች በታሪኩ ውስጥ አሉ፤ ሰው ግን ሲተርከው ይዘላቸዋል።

የውትድርናውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በኖቬምበር 1942 ለጦር ሠራዊት ተጠርቶ ሉዊዚያና ካምፕ ፖልክ ገባ። ሚስትና ጨቅላ ልጅ ጥሎ ነበር የሄደው። መሰናበቻ ቢጠይቅ አዛዡ ውድቅ አደረገበት። ማታ ማታ ቤቱ እንደተኛ እያሰበ ሲተኛ በዘጠኝ ቀኑ ያው አዛዥ ጠርቶ ፈረመለት፤ በማርች 1943 ተሰናበተ። ዘ ኒውዮርከር መጽሔት በሴፕቴምበር 1943 ስለ እሱ ሲጽፍ እውነትም ኒውዮርክ ተመልሶ ያስተምር ነበር። ነገር ግን ራሱ እንደተናገረው፣ ያኔ ከ38 ዓመት በላይ የሆነ ወታደር በአዛዡ ፈቃድ መሰናበት ይችል ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያው ፌብሩዋሪ 38 ሞልቶታል። ማመልከቻውንም አስገብቷል። ሕልም ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

በ1954 ያስተማረው አንድ ነገር አለ። ከመተኛት በፊት ቀኑን መለስ ብሎ ማየት፣ ያሳዘነውንም ክፍል ቢሆን ኖሮ በተባለው መንገድ በሐሳብ እንደገና መኖር። እኛ ዘጋቢ የሆነውን ነገር እንዳይለውጥ ተብለን የምንማር ሰዎች ይህን ስንሰማ ይቀፈናል። ቢሆንም ሞከርኩት። ወደ አያቴ የመጨረሻ ቀን ተመለስኩ። ያን ቀን ፈርቼ ከክፍሏ ውጭ ነበር የቆምኩት፤ በሐሳቤ ግን ገብቼ እጇን ያዝኩ። አልተነሣችም። እኔ ግን አለቀስኩ፣ በማግስቱም ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ደነገጠች። ለካ ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው ተስፋ እንደሌላት ነግሯቸው፣ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ደብቀውኝ ኖሯል።

በዚህ አጋጣሚ ከኔቪል ጋር የማልስማማበትን ልናገር። በሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ከገዛ ሐሳቡ የመነጨ ነው ይላል። ትኬት ላገኘ ሰው ይህ ደስ ይላል። ለታመመና ዘመድ ለሞተበት ግን ጭካኔ ነው፣ ያውም ሌላ ሸክም ላለበት ሰው።

ኔቪል ከ1959 በኋላ ስለ ምኞት ማግኘት የሚያወራውን ቀንሶ በራሱ ላይ ደረሰ ስለሚለው መንፈሳዊ ልምድ መናገር ጀመረ። ሰው ቀነሰበት፤ ይህን ወሬ እንዲተው ተመከረ፣ እሱ ግን ባዶ ግድግዳም ቢሆን እነግራለሁ ብሎ ቀጠለ። ኦክቶበር 1 ቀን 1972 በ67 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ። ንግግሩን በቴፕ መቅዳት ለፈለገ ሁሉ ይፈቅድ ስለነበር ድምፁ እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጓደኛዬ ስልኬ ላይ የጫነልኝም ከነዚያ አንዱን ነው። አላጠፋሁትም፤ ማታ ማታ ግን አልከፍተውም።