ልብን ከግድግዳ ሶኬት ያላቀቁት ሐኪም

ዶክተር ክላረንስ ዋልተን ሊለሃይ እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ተወለዱ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በቀዶ ጥገና ሙያ ተሰማሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ራሳቸው በካንሰር ተይዘው ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ተረፉ። በ1954 ደግሞ የሕፃናትን ልብ ከፍተው ሲጠግኑ፣ የወላጅን የደም ዝውውር ከልጁ ጋር በቱቦ በማገናኘት ዓለምን አስደነቁ።

ይሁን እንጂ አዲስ ችግር ገጠማቸው። በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ቀዳዳ የሚደፍነው ስፌት፣ አንዳንድ ጊዜ በጠርዙ የሚያልፈውንና የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያደርሰውን ቀጭን የጡንቻ ክር ይጎዳ ነበር። በዚህም የተነሣ የታችኛዎቹ ክፍሎች ምልክቱን አጥተው እጅግ በዝግታ ስለሚመቱ፣ ቀዳዳው በሚገባ ተደፍኖ ሳለ ልጁ ይሞታል። ዶክተር ሊለሃይ ጉዳቱ ከገዛ መርፌያቸው እንደሚመጣ አልሸሸጉም። በደረት ቆዳ ላይ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ንዝረት ስለሚያሠቃይና ስለሚያቃጥል፣ በጥር 1957 ቀጭን ሽቦ በልብ ጡንቻ ላይ ሰክተው በአነስተኛ ኃይል ልብን ማስመታት ጀመሩ። ብዙውን ጊዜ ልቡ ሲያገግም ሽቦው ደረት ሳይከፈት ተስቦ ይወጣል።

ነገር ግን የምልክት ሰጪው መሣሪያ ገመድ በግድግዳ ሶኬት ላይ የተሰካ ነበር። በጥቅምት 31 ቀን 1957 የከተማው መብራት በጠፋ ጊዜ የልጆቹ ሕይወት በመብራት ኃይል መሥመር ላይ መንጠልጠሉ ታየ። ዶክተሩም ወደ መሐንዲሱ አርል ባከን ሄዱ። ባከን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ከታተመ የሜትሮኖም ንድፍ ተነሥተው፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮች ያሉትና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን አቀረቡ። በእንስሳ ላይ በተሞከረ ማግስት ባከን ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ መሣሪያው በአንድ ሕፃን ላይ ሲሠራ አገኙት።

ዶክተር ሊለሃይ እ.ኤ.አ. በ1999 አረፉ። ዛሬም ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ የምት መዛባት ለሚያሰጋቸው ሕሙማን ጊዜያዊ ሽቦና በባትሪ የሚሠራ ምት ሰጪ ይዘጋጃል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከሕይወታቸው የሚተርፈው ትምህርት ሌላ ነው፤ የመሣሪያው ደኅንነት ኃይል ከሚያገኝበት ምንጭ ተለይቶ አይታሰብም፣ ጥፋቱን ያልሸሸገ ባለሙያም ረዳት አያጣም።