ሙሴ ኢልግና የምኒልክ ቴምብሮች

የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ስም ሲነሣ ለመሐንዲስ አስቀድሞ ትዝ የሚለው በአዋሽ ወንዝ ላይ የሠሩት ድልድይ፣ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገባው የውሃ ቧንቧና የጅቡቲው ምድር ባቡር ነው። በየአገሩ የሚገኙ ቴምብርና አሮጌ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ግን እኒህን ሥራዎች እምብዛም አያውቋቸውም። እነርሱ ዛሬም አጉሊ መነጽር ይዘው የሚመረምሩት፣ ሙሴ ኢልግ በጉዳይ አስፈጻሚነት የተካፈሉበትን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይሰፋውን ቁራጭ ወረቀት ነው።

ኢልግ በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ በ1846 ዓ.ም. ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ ገና በ25 ዓመት ዕድሜያቸው ሁለት የእጅ ባለሙያዎችን አስከትለው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የወጣቱን ችሎታ ለመፈተን አስቀድመው ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዳሠሯቸው ይነገራል። ፈተናው ለዲፕሎማ ባለቤት የማይመጥን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በእጁ የማይሠራ መሐንዲስ በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ምን ይጠቅም ነበር? በ1880ዎቹ የተዘረጋው ቧንቧ ከከፍታ የመነጨውን ውሃ ወደ ዝቅታ አውርዶ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲያወጣው፣ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ያየ ሁሉ ተደነቀ። የግፊትን ሕግ ለሚያውቅ ግን ከልኬቱ ትክክለኛነት በቀር የሚያስደንቅ ነገር አልነበረበትም።

ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም በ1886 ዓ.ም. ሲወስኑ፣ የምድር ባቡሩም ውል በዚያው ዓመት ለሙሴ ኢልግ ተሰጠ። ቴምብሩና ገንዘቡ በፓሪስ እንዲዘጋጁ ኢልግና ፈረንሳዊው ሙሴ ሸፍኔ ተሰማርተው፣ የቴምብሩን ቅርጽ ሙሾን፣ የብሩን ደግሞ ላግራንዥ የተባሉ ስመ ጥር ቀራጮች አወጡት። ቴምብሮቹ ሰባት ነበሩ። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8ና የ16 ግርሾቹ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ጽሕፈታቸውም አኃዛቸውም በፊደላችን ብቻ ነበር። ለሽያጭ ግን አስቀድመው የቀረቡት በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ፣ ለአሰባሳቢዎች ነው። የነጻ መንግሥት ምልክት ደብዳቤ ሳይጭን የባዕድ ሰው አልበም ማስጌጡን የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ከጥቂት ወረቀት ገንዘብ ማግኘት ዕዳ ከመበደር የከፋ አልነበረም።

በተግባር ግን የቴምብሩ ኃይል ከአገር ድንበር አያልፍም ነበር። ከሐረር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ደብዳቤ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ሊታከልበት ግድ ሆነ። ሁለቱ መንግሥታት ጎን ለጎን የተለጠፉበት እንዲህ ያለው ፖስታ ዛሬ ብርቅ ሆኗል።

ብሩም የራሱን ፈተና አየ። በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በባሶ ገበያ፣ ከአባይ ማዶ የመጣው ሸቀጥ በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ሲለወጥ ኖሯል። ጠገራው በየትኛውም ዓመት ቢቀጠቀጥ የሚሸከመው ያንኑ የ1780 ዓመተ ምሕረት የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ነጋዴው ቀኑን ትቶ በማርያ ቴሬዛ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምር ነበር። የፈዘዘበትን ይመልሳል። የአሰባሳቢነትን ጥበብ ሳይማረው ያወቀ ነበር ማለት ይቻላል። የምኒልክ ብር በክብደት ከጠገራው የማያንስ ቢሆንም እንዲህ ያለውን የለመደ ዐይን በቶሎ ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ጠገራው ከምኒልክ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲዘዋወር ኖረ። በ1887ና በ1889 በተቀረጸው ብር አንበሳው የግራ እግሩን፣ በ1892ቱ ደግሞ የቀኙን ያነሣል፤ ይህን ልዩነት ዛሬ አሰባሳቢው እንጂ ገበያተኛ አይጠይቅም።

ከሁሉ ይልቅ የልዩነት ጎተራ የሆኑት ቴምብሮቹ ናቸው። በ1893 ዓ.ም. በላያቸው ላይ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ በ1894 ቦስታ የሚለው ቃል፣ በ1895 ደግሞ መልክት የሚለው በእጅ ማኅተም ተመታባቸው። በ1897 የፈረንሳይ ሳንቲም ዋጋ ተጨመረ፤ የግማሽ ግርሹም ቴምብር በሰያፍ ተቆርጦ ግማሹ ባለ 5 ሳንቲም ሆኖ ሠርቷል። እጅ ሲመታ ይዘነጋልና ማኅተሙ አንዳንዱ ላይ ተገልብጦ፣ አንዳንዱ ላይ ተደርቦ፣ ቀለሙም ከጥቁር ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ እየተለወጠ ተገኘ። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይሰጡ የነበሩትን የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች የሚያሰባስቡ ሰዎች በጀርባው ላይ ላለው የትንባሆ ስም መለያየት ብዙ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ሁሉ፣ የኢትዮጵያንም ቴምብር ያስወደደው የማኅተሙ ስሕተት ነው። መዘዙ ግን አለ፤ የእጅ ማኅተም ለማስመሰል አያስቸግርምና በሐሰት የተመታው እጅግ በዛ።

ሙሴ ኢልግ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተቀብለው በውጭ ጉዳይ ሥራ ዋና ረዳት ሆነው ነበር። የባቡሩ ውል ግን ክብራቸውን ነካው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. እጁን ሲያስገባ፣ ዐፄ ምኒልክ የአገራቸው በር በባዕድ እጅ እንዳይወድቅ ሠጉ፤ ቁጣቸውም ውሉን ባመጡት ሰዎች ላይ ወረደ። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ። ኢልግም ተሰሚነታቸው እየቀነሰ ሄዶ በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከሥራቸው ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት አዲስ ቴምብር ወጥቶ የፓሪሱን ተካው። አሮጌዎቹ ወደ አልበም ገቡ። ኢልግ ራሳቸው ያሰባሰቧቸው የአገር ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። እርሳቸውም በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ዐረፉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።