የነጩ ቀሚስ ባለቤት ማሪ ታግሊዮኒ

ማሪ ታግሊዮኒ እ.አ.አ ኤፕሪል 23 ቀን 1804 በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ተወለደች። አባቷ ፊሊፖ ታግሊዮኒ ጣሊያናዊ የባሌት ዳንሰኛና የዳንስ አቀናባሪ ሲሆን፣ እናቷ ሶፊ ካርስተን ደግሞ የስመ ጥሩው ስዊድናዊ የኦፔራ ዘፋኝ የክሪስቶፈር ካርስተን ልጅ ናት። አባት ሥራ ፍለጋ ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ እናትና ልጆች በፓሪስ ቆዩ። ማሪም የዳንስ ትምህርቷን የጀመረችው በዚያ ነው።

ልጅቱ ለመድረክ የተፈጠረች አትመስልም ነበር። ትከሻዋ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ፣ ክንዶቿ ከልክ በላይ የረዘሙ፣ ሰውነቷ የሰለለ፣ መልኳም እንደ ዘመኑ ዳንሰኞች ዓይን የሚስብ አልነበረም። አባቷ በቪየና ቤተ መንግሥት ቲያትር ሊያሳያት ሲያስጠራት፣ የተማረችው ለመድረክ እንደማይበቃ ወዲያው ተረዳ። ስለዚህ ለስድስት ወራት ያህል በየዕለቱ ስድስት ሰዓት አሠለጠናት። በአንድ እግር ቆማ እስከ መቶ እየቆጠረች ሳትነቃነቅ እንድትጸና ያደርጋት ነበር። የክንዶቿን ርዝመት ለመሸፈን ክርን እጥፍ፣ አንገት ዘንበል የሚልበትን አቋቋም ፈጠረላት። ዛሬ የባሌት ውበት ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ይህ አቋቋም መነሻው የአንዲት ልጅ የአካል ጉድለት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1822 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ታየች፤ በ1827 ደግሞ የፓሪስ ኦፔራ ተቀበላት።

በመድረክ ላይ የሚለበሰው ልብስ ከእርሷ በፊት ብዙ መንገድ ተጉዟል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሴት ዳንሰኞች የቤተ መንግሥት እመቤቶችን ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚጨፍሩት። ከወገብ በታች በቀጭን ዘንግ የተወጠረ፣ መሬት የሚነካ፣ በጥልፍና በጌጥ የከበደ ልብስ ነው። ማሪ ካማርጎ የተባለችው የፓሪስ ዳንሰኛ የእግሯ ሥራ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚት በላይ ስታሳጥር አገር ጉድ አለ። ማሪ ሳሌ ደግሞ በ1734 በለንደን መወጠሪያውን ዘንግ ጥላ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ በስስ የሙስሊን ቀሚስ ወጣች። ሁለቱም መንገዱን ጠረጉ፤ መልኩን ያጸናችው ግን ታግሊዮኒ ናት።

ማርች 12 ቀን 1832 በፓሪስ ኦፔራ “ላ ሲልፊድ” የተሰኘው ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ያቀናበረው አባቷ ነው። ታሪኩ ጀምስ ስለሚባል ስኮትላንዳዊ ወጣት ገበሬ ይናገራል። በሠርጉ ዕለት የአየር መንፈስ የሆነች ሴት ትገለጥለትና እጮኛውን ጥሎ ይከተላታል፤ አስማት ባለበት ሻሽ ሊይዛት ሲጠመጥማት ግን ክንፎቿ ይረግፉና ትሞታለች። ታግሊዮኒ መንፈሷን ሆና ስትወጣ የለበሰችው ከላይ ሰውነት ላይ የተጣበቀ፣ ከወገብ በታች እንደ ደወል የተነፋና ከጉልበት በታች የሚወርድ ነጭ ቀሚስ ነበር። ከጀርባዋ ሁለት ትናንሽ ክንፎች አሉ። ንድፉ የሠዓሊው የዩጂን ላሚ እንደሆነ ይነገራል።

ጨርቁ ሙስሊን ነው። ሙስሊን ከጥጥ በቀጭኑ ተፈትሎ ሳሳ ተደርጎ የሚሸመን፣ ከነጠላ የሚስማማ ጨርቅ ነው። በእንግሊዝ የመፍተያ መኪና ከተስፋፋ ወዲህ ዋጋው ረክሶ በአውሮፓ ገበያ ሞልቶ ነበር። (በዚያን ዘመን ለእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከሚቀርበው ጥጥ አብዛኛው በአሜሪካ ደቡብ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት የሚለማ መሆኑ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም።) የፓሪስ ኦፔራ ደግሞ ከ1822 ጀምሮ መድረኩን በጋዝ መብራት ማብራት ጀምሯል። የጋዙ ብርሃን ቀነስ ሲደረግና በተደራረበው ነጭ ጥጥ ውስጥ ሲያልፍ፣ ዳንሰኛዋ በጨረቃ ብርሃን የምትንሳፈፍ ትመስላለች። ያ መልክ ያለ ጥጡና ያለ ጋዙ አይገኝም ነበር።

ታግሊዮኒ በእግር ጣት ጫፍ መቆምን የጀመረች የመጀመሪያዋ ሴት አይደለችም። ሌሎች ጉልበታቸውን ለማሳየት የሚያደርጉትን ግን እርሷ ያለ ልፋት የሚሠራ አስመሰለችው። ጫማዋ እንደ ዛሬው ጫፉ የደነደነ ሳይሆን ለስላሳ ሳቲን ሲሆን፣ የሚያጠናክረው ጫፉና ዳሩ ላይ የተሰፋው ክር ብቻ ነበር። ክብደቷን የሚሸከመው የገዛ እግሯ ነው።

ዝናዋ ከመድረክ ወረደ። ሴቶች ፀጉራቸውን እንደ እርሷ ከመሐል ከፍለው አበጠሩ፤ በእንግሊዝ ካፖርትና የፈረስ ሠረገላ በስሟ ተጠራ። ከ1837 እስከ 1842 በሴንት ፒተርስበርግ ስትሠራ ቆይታ ስትሄድ፣ አድናቂዎቿ ጫማዋን ገዝተው፣ አስቀቅለው፣ በስጎ በሉት እየተባለ ይተረካል። ትዳሯ ግን አልሰመረም። በ1832 ያገባችው መስፍን ዢልቤር ደ ቯዘን ብዙም ሳይቆይ ተለያት። ሁለት ልጆች ነበሯት። በ1847 መድረኩን ተሰናብታ በጣሊያን በኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀመጠች።

ከዚያ የጠራት የአንዲት ወጣት ዝና ነው። ኤማ ሊቭሪ በ1858 በ16 ዓመቷ በፓሪስ ኦፔራ የታግሊዮኒን የራሷን ሚና፣ ሲልፊድን፣ ተጫውታ ነበር። ታግሊዮኒ ወደ ፓሪስ ተመልሳ አስተማሪዋ ሆነች። በ1860 “ቢራቢሮዋ” የተሰኘውን ባሌት አቀናበረችላት፤ ሙዚቃው የዣክ ኦፈንባክ ነው። በታሪኩ ወደ ቢራቢሮነት የተለወጠችው ልጅ በችቦ ነበልባል ተስባ ክንፎቿ ይቃጠላሉ።

ስሱ ጥጥና ክፍቱ የጋዝ ነበልባል ጎን ለጎን መኖራቸው የብዙ ዳንሰኞችን ሕይወት ቀጥፏል። በለንደን በ1844 ክላራ ዌብስተር በመድረክ ላይ ቀሚሷ ተቀጣጥሎ ሞታለች። በፈረንሳይ በ1859 የመድረክ ልብስ ሁሉ እሳት በሚከላከል የኬሚካል ውሕድ እንዲነከር ታዘዘ። ውሕዱ ግን ጨርቁን ያደድረዋል፤ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል። አስተማሪዋ ለዓለም ያሳየችው ያ ጢስ የሚመስል ቀሚስ በውሕዱ ሲነከር እንደ ካርቶን ይቆማል። ሊቭሪ ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድ በጽሑፍ አሳውቃ አልለብስም አለች። ሌሎችም እንደ እርሷ እምቢ ብለው ነበር። ጥፋቱን በልጅቱ ግትርነት ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ ቲያትሩም ተመልካቹም የሚፈልገው ያንኑ ንጣት ነበር።

ኖቬምበር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ሳለች የቀሚሷ ጫፍ የጋዝ መብራት ነካ። እሳቱ በቅጽበት ከራሷ በላይ ተነሣ። ሰዎች በብርድ ልብስ ሸፍነው አጠፉላት፤ እርሷ ግን ስምንት ወር ስትሠቃይ ቆይታ ጁላይ 26 ቀን 1863 በ20 ዓመቷ አረፈች። ከእሳቱ የተረፈው የልብሷ ቁራጭ በፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ተቀምጧል።

ታግሊዮኒ ሌላ ባሌት አላቀናበረችም። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ ሀብቷ ጠፋ፤ በሽምግልናዋ ወደ ለንደን ተሻግራ የባለጸጎችን ልጆች ዳንስና ሥርዓተ አቋቋም እያስተማረች ኖረች። ቀሚሱ በበኩሉ እያጠረ ሄዶ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከጉልበት በላይ ወጣ፤ ከጣሊያን የመጡ ዳንሰኞች ጫፉ የጠነከረ ጫማ አስለመዱ። ታግሊዮኒ ኤፕሪል 22 ቀን 1884፣ 80 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ በማርሴይ ከተማ ሞተች።

በፓሪስ ሞንማርትር መካነ መቃብር፣ የታግሊዮኒ ስም በተጻፈበት መቃብር ላይ ወጣት ዳንሰኞች እስከ ዛሬ ያለቀ ጫማቸውን ያኖራሉ። ኤማ ሊቭሪም የተቀበረችው በዚያው መካነ መቃብር ነው።