አፖሎንና ወፍራሙ ዘንግ

ከባድ ብረት ከመሬት ለማንሳት የሞከረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ይኸውም ወገብና ጭን ገና ሳይደክሙ ጣቶች ቀድመው መከፈታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በተማሪነቱ ዘመን ይህ ተደጋግሞ ደርሶበታል። ብረቱ የወደቀው ጉልበት ስላነሰ ሳይሆን ጉልበቱን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው እጅ ስለላላ ነበር። ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ምሰሶውና አግዳሚው ጠንካራ ሆነው ሳለ መጋጠሚያው ሲላቀቅ ያላየ ባልደረባ በመካከላችን የለም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረን ሉዊ ዩኒ የተባለው ፈረንሳዊ ነውና የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊ ዩኒ በ1862 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሲያርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ እግር ሳለ ቤቱን ትቶ ከተዘዋዋሪ ሰርከስ ጋር ኰበለለ። ዘመኑ ጉልበተኞች በየቲያትሩ መድረክ እየቀረቡ እንጀራቸውን የሚያገኙበት ዘመን ነበርና ወጣቱም በዚሁ ሙያ ጸና፤ የመድረክ ስሙንም ከጥንታዊ ግሪኮች አምላክ ወስዶ አፖሎን ተባለ። ቁመቱ 1.90 ሜትር ገደማ ሲሆን ግዙፍነቱ ለመድረክ የተፈጠረ ያስመስለው ነበር። ሆኖም ከሙያ ጓደኞቹ የለየው ቁመቱ ወይም ትከሻው ብቻ ሳይሆን የእጁ ስፋትና የአጨባበጡ ብርታት ነው። ሌሎች ከመሬት ሊያላቅቁት የሚቸገሩበትን ወፍራም ብረት እሱ እንደ ተራ ዱላ ይይዘው እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለት መሣሪያ የአፖሎን መንኮራኩሮች በመባል ይታወቃል። በአንድ ዘንግ ላይ የተጣበቁ ሁለት የባቡር መንኮራኩሮች ሲሆኑ የመንኮራኩሮቹ አጋማሽ መስመር 66 ሳንቲ ሜትር፣ ጠቅላላው ክብደት 166 ኪሎ ግራም፣ የዘንጉ ውፍረት ደግሞ 49 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ብቻ ቢታይ ለታወቀ ስፖርተኛ የሚያስፈራ አይደለም። አስፈሪው የዘንጉ ውፍረት ነው። ዛሬ ወንዶች በኦሊምፒክ የሚያነሡት ብረት ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 88 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የአፖሎን ዘንግ ዙሪያ ግን ወደ 154 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በቀጭኑ ብረት ላይ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ተገናኝቶ ቀለበቱን ይዘጋል። በወፍራሙ ላይ ግን አብዛኛው እጅ ክፍት ይቀራል፤ ሸክሙም ከጣቶቹ አንጓ ይርቅና ጣቶቹን የሚዘረጋው ኃይል ያይላል።

ሌላም ችግር አለ። በዛሬው ብረት ጫፍና ጫፍ ያለው የክብደቱ መያዣ በኩሽኔታ ወይም በሌላ ማሽከርከሪያ ስለሚዞር፣ ተወዳዳሪው ብረቱን ወደ ትከሻው ሲያወጣ እጁ ዘንጉን ብቻ ያዞራል። አፖሎን ዘንድ ግን ዘንጉና መንኮራኩሮቹ አንድ አካል ነበሩ። ዘንጉን ለማዞር የሚሻ ሰው ዙሪያቸው ሰፊ የሆነውን ከባድ መንኮራኩሮች ጭምር በመዳፉ ሰበቃ ብቻ ማዞር ይኖርበታል።

አፖሎን ራሱ ይህን ሸክም ከራሱ በላይ አድርሶት ነበርን? የፈረንሳይ ጉልበተኞችን ታሪክ የጻፈው ኤድሞን ዴቦኔ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ አፖሎንን እጅግ ያሞግሰዋል፤ ኋላ የተነሡ መርማሪዎች ግን በዚህ ነጥብ አልተስማሙም። መድረክ ትዕይንት እንጂ የመለኪያ ቦታ አልነበረምና አከራካሪ ሆኖ መቅረቱ አያስደንቅም። አፖሎን በ1928 ሲያርፍ ዝናው በአድናቆት የቆመ እንጂ በሚዛንና በዳኛ የጸና አልነበረም። ዘንጉ ግን ከእሱ በኋላ ቀረና ማንም የሚለካበት ፈተና ሆነ።

በ1930 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ1924 ባለ ወርቅ የነበረው ሻርል ሪጉሎ መንኮራኩሮቹን ከራሱ በላይ አነሣ። በ1949 ተራው የአሜሪካዊው የጆን ዴቪስ ሆነ። ዴቪስ በ1948 በለንደን በከባድ ሚዛን ያሸነፈ ሲሆን እጆቹ ግን እንደ ስሙ ትልልቅ አልነበሩም። ብዙ ጊዜ ሞክሮ ዘንጉ አመለጠው። በመጨረሻ አንዱን እጅ ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጎ ያዘው፤ ዘንጉ ወደ ላይ በሚወጣበት ቅጽበት የታችኛውን እጁን ለቅቆ ገለበጠና እንደገና ጨብጦ ተሳካለት። ከእሱ በኋላ በ1954 ኖርበርት ሼማንስኪ አንድ ጊዜ ወደ ትከሻው ካወጣው በኋላ ሦስት ጊዜ ከራሱ በላይ አደረሰው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስተምረው ዴቪስ ይመስለናል። አፖሎን የተፈጥሮ ስጦታ ነበረው፤ ዴቪስ ግን የጎደለውን በማሰብ ሞላው። ሁለቱ መዳፎች በተቃራኒ ሲይዙ ከአንዱ እጅ ለመንከባለል የሚሞክረው ዘንግ ወደ ሌላው እጅ ውስጥ ይንከባለላል፤ ስለዚህ ይቆማል። ከመሬት እስከ ጭን የሚያነሡ ሰዎች ዛሬም በዚሁ ይጠቀማሉ፤ ብቻ መዳፉ ወደ ፊት የዞረውን ክንድ ማጠፍ ጅማት ሊበጥስ ስለሚችል ክንዱ ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ትከሻ ለሚያወጡት ደግሞ አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ሥር መቈለፍ ይበጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያምም ይለመዳል። ላብን የሚመጥ የማግኔዚየም ካርቦኔት ዱቄት ሰበቃውን ይጠብቃል። እጅን ለማጠንከር ከሁሉ የሚሻለው ግን በሥራው መጨረሻ ላይ ብረቱን ሳያወርዱ ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ መቆየት፣ አልፎ አልፎም በወፍራም ዘንግ መለማመድ ነው። ብረቱን ከእጅ ጋር የሚያስሩበት ጠፍር ወገብን ሊያግዝ ይችላል፤ ሁልጊዜ ከታሰረ ግን እጁ እንደ ደከመ ይቀራል። ጅማትም ከጡንቻ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚጠነክር ሸክሙ ቀስ እያለ መጨመር ይኖርበታል።

የአፖሎን ጉልበት ከእሱ ጋር ተቀብሯል፤ ስለ ጉልበቱ የተነገረውም ገና ያከራክራል። የማያከራክረው የዘንጉ ልክ ነው። 49 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 166 ኪሎ ግራም ክብደት ለማንም አያዳሉም፤ ዴቪስም ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ያሸነፈው ይህንኑ ልክ ነው። እኛም ሸክም ሲያመልጠን ተጨማሪ ጉልበት ከመፈለጋችን በፊት መያዣውን እንመርምር።