የሙያ መካሪው ፍራንክ ፓርሰንስ

ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1854 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ውስጥ ማውንት ሆሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለትምህርት የነበረው ዝንባሌ ከፍተኛ ስለ ነበረ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የገባው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በ1873 በምህንድስና ተመርቆ በአንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቀጠረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአገሪቱ ላይ በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ኩባንያው ከሰረ። ወጣቱ መሐንዲስም በሙያው ሥራ ስላጣ፣ ብረት በሚዳመጥበት ፋብሪካ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጥሮ የዕለት እንጀራውን ይፈልግ ጀመር።

ከዚያ በኋላ በማሳቹሴትስ አስተማሪ ሆነ። እዚያም ሳለ ሕግ እንዲያጠና ተመከረ። ጥናቱን በአጭር ጊዜ ለመፈጸም ሌት ተቀን በመድከሙ በ1881 የጥብቅናውን ፈተና አለፈ፤ ጤናው ግን እጅግ ተቃወሰ። ለማገገምም ሦስት ዓመት ያህል በኒው ሜክሲኮ ተቀመጠ። ወደ ቦስተን ተመልሶ ቢሮ ቢከፍትም ጥብቅና አልጣመውም። የሕግ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ በዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተማረ፤ በ1895 ለቦስተን ከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ይህን ያህል ሙያ የቀያየረ ሰው ወላዋይ ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ያለ መካሪ ሙያ መፈለግ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚፈጅ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም ነበር።

በዚያን ዘመን በቦስተን ሰሜናዊ ሠፈር ከአውሮፓ የመጡ ብዙ ድኾች ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው በቅድሚያ ያገኙትን ሥራ ይይዛሉ፤ ሳይስማማቸው ሲቀር ይለቃሉ። ፓርሰንስ እነዚህን ስደተኞች በሚረዳ ድርጅት ውስጥ በ1905 ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ትምህርታቸውን ለሚጨርሱ ወጣቶች ስለ ሙያ አመራረጥ ንግግር ባደረገላቸው ጊዜ፣ ብዙዎቹ ለየብቻ ቀርበው ሊያማክሩት ፈለጉ። ፖሊን አጋሲዝ ሾው የተባለች ባለጸጋ በሰጠችው ገንዘብም በጥር ወር 1908 የሙያ ምክር ቢሮ ተከፈተ።

የፓርሰንስ ዘዴ በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነበር። ወጣቱ በመጀመሪያ የራሱን ችሎታ፣ ፍላጎትና ጉድለት ይመረምራል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሙያ የሚጠይቀውን ዕውቀት፣ የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ችግር ያጠናል። በመጨረሻም ሁለቱን እያነጻጸረ ያመዛዝናል። ውሳኔው የወጣቱ የራሱ እንጂ የመካሪው አልነበረም።

ከመጀመሪያዎቹ አማካሪ ፈላጊዎች አንዱ ሐኪም ለመሆን የሚመኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ቀጭንና በሽተኛ መሳይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በሚበልጠው ጭውውት አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለም፤ ሲጨብጡትም እጁ ሕይወት የሌለው ይመስል ነበር። ፓርሰንስ በሽተኞች እንዲህ ያለውን ሐኪም ይወዱት እንደ ሆነ እንዲያስብበት ጠየቀው፤ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሥራዎችን፣ በተለይም የከብት ርባታን ሄዶ እንዲመለከትም መከረው። ሰውን ከአጨባበጡና ከገጽታው መገመት ዛሬ ችኮላ ይባላል፤ ፈገግታ የማያውቅ ጥሩ ሐኪምም አይጠፋም። ልጁን ግን ቀድሞ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቢሮው በተከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰማንያ ያህል ሰዎች ምክር ጠየቁ። ከእነርሱም ታናሹ የ15፣ ታላቁ የ72 ዓመት ሰው ነበር። ፓርሰንስ ግን በመስከረም 26 ቀን 1908፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ በቦስተን ሞተ። ስለ ሙያ አመራረጥ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው።