በባዶ ሆድ ሀ ሁ አይገባም፦ የኩማራሳሚ ካማራጅ ሕይወት

አንደኛ ደረጃ ስማር አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁሌ እንቅልፍ ይወስደዋል። መምህራችን ዴስኩን በማስመሪያ መታ አድርጎ ይቀሰቅሰዋል፣ እኛ እንስቃለን። ሰነፍ ነው ብለን ደምድመን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት እሱ ቧንቧው ጋ ሄዶ ውኃ ይጠጣና ግቢውን ይዞራል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መምጣት አቆመ። የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ሳጠና ስለ ሰው ሀብት ልማት ስንት ግራፍ ሣልኩ መሰላችሁ። ያ ልጅ ግን ትዝ ያለኝ ያኔ አይደለም። ትዝ ያለኝ ከተመረቅኩ በኋላ፣ ስለ አንድ ህንዳዊ ፖለቲከኛ ሳነብ ነው። ዛሬ የሳቸውን ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩማራሳሚ ካማራጅ ይባላሉ። ከ1954 እስከ 1963 የማድራስ ግዛት፣ ማለትም የዛሬዋ ታሚል ናዱ፣ ዋና ሚኒስትር ነበሩ። በህንድ ዋና ሚኒስትር ማለት በኛ አነጋገር የክልል ርዕሰ መስተዳድር እንደማለት ነው። ጋንዲንና ኔህሩን የማያውቅ የለም፤ ካማራጅን ግን ከህንድ ውጪ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው። በሀገራቸው ደግሞ እስከ ዛሬ የትምህርት አባት ተብለው ይጠራሉ። የሚገርመው፣ እሳቸው ራሳቸው ትምህርታቸውን ያቋረጡት ገና በ11 ዓመታቸው አካባቢ ነው።

የተወለዱት ሐምሌ 15 ቀን 1903 በደቡብ ህንድ፣ ዛሬ ቪሩዱናጋር በምትባለው ከተማ ነው። አባታቸው ገና ልጅ ሳሉ ሞቱ። እናታቸው የነበራትን ጌጣ ጌጥ ሸጣ ልጆቿን ለማሳደግ ሞከረች፤ አልሆነም። ካማራጅ ደብተር አስቀምጠው የአጎታቸው ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጠሩ። የተወለዱበት የናዳር ማኅበረሰብ ደግሞ ከዘንባባ ዛፍ መጠጥ ይቀዳ የነበረ፣ ለረጅም ዘመን ቤተ መቅደስ እንዳይገባ የተከለከለ ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ ድህነትም መናቅም ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር አልነበረም።

ሱቅ ውስጥ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ ስብሰባ ሲያዳምጡ ፖለቲካው ጎተታቸው። በ16 ዓመታቸው ገደማ ኮንግረስ ፓርቲን ተቀላቀሉ። በ1930 ራጃጂ የሚባሉት ታዋቂ መሪ በቬዳራንያም የመሩት የእንግሊዞችን የጨው ሕግ የመጣስ ዘመቻ ላይ ተሳትፈው ታሰሩ። ከዚያ በኋላ እስር ቤት ሁለተኛ ቤታቸው ሆነ ማለት ይቻላል፤ በተለያየ ጊዜ የታሰሩት ሲደመር ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ይደርሳል። ትዳር አልመሠረቱም።

ከእስር ዘመናቸው አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። እስር ቤት ሆነው የትውልድ ከተማቸው የማዘጋጃ ቤት ሊቀመንበር ተደርገው ተመረጡ። ሲፈቱ ሄደው ወንበሩን ተረከቡና ወዲያው ለቀቁት። ሙሉ ጊዜዬን የማልሰጠውን ሥልጣን መያዝ የለብኝም የሚል እምነት ነበራቸው።

ነፃነት መጣ። በ1953 የማድራስ ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩት እነዚያው የጨው ዘመቻው መሪ ራጃጂ ናቸው። ገንዘብ የለም፣ ትምህርት ቤት አይበቃም። መፍትሔ ብለው ያመጡት ዕቅድ የገጠር ልጆች በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲማሩ፣ በቀረው ሰዓት የቤተሰባቸውን ሙያ እንዲለምዱ የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ሲያዩት ብልጠት ይመስላል፤ በአንድ ክፍል ሁለት ፈረቃ፣ በዚያ ላይ የሥራ ልምምድ። ግን የልብስ አጣቢ ልጅ ልብስ አጣቢ፣ የጫማ ሰፊ ልጅ ጫማ ሰፊ ሆኖ ይቅር ማለት አይደለም እንዴ? ሕዝቡ የገባው እንደዚያ ነው። ተቃውሞው በረታ፣ ራጃጂ ወረዱ፣ ሚያዝያ 1954 ካማራጅ ተተኩ።

ካማራጅ ያኔ የግዛቱ ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ራጃጂ በ1952 የገቡት ሳይመረጡ፣ በሹመት ወደ ላይኛው ምክር ቤት ተሰይመው ነበር። ካማራጅ ያንን አቋራጭ አልፈለጉትም፤ ጉዲያታም በምትባል ቦታ በተካሄደ የማሟያ ምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ። ለፓርቲ መሪነት የተፎካከሯቸውን ሲ. ሱብራማኒያምን ደግሞ ከማግለል ይልቅ ካቢኔያቸው ውስጥ አስገቧቸው። ካቢኔው ራሱ ስምንት ሰው ብቻ ነበር። ግማሽ ቀን የመማር ዕቅዱም በዚያው ዓመት ተሰረዘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካማራጅ ገጠር ለገጠር መዞር ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ከብት የሚጠብቅ ልጅ አግኝተው ለምን ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ጠየቁት፣ ልጁም ብሄድ ምሳ ማን ይሰጠኛል ብሎ መልሶ ጠየቃቸው እየተባለ በታሚል ናዱ ይተረካል። ታሪኩ በጊዜ ብዛት ተቀባብቶ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ግን እውነት ነው፤ እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን ልጁ በአንድ ጥያቄ ጨርሶታል። ለደሃ ቤተሰብ ነፃ ትምህርት ነፃ አይደለም። ልጁ ክፍል ሲቀመጥ የሚጠብቀው ከብት፣ የሚያመጣው ሳንቲም፣ በልቶ የሚውልበት ሥራ ይቀራል። ክፍያ ማስቀረት ብቻውን አይበቃም፣ ሆዱንም መቁጠር ያስፈልጋል።

በ1956 የትምህርት ቤት ምሳ በግዛቱ ደረጃ ተጀመረ። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ በ1920ዎቹ በማድራስ ከተማ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል። አዲሱ ነገር ስፋቱ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ እውነትም ግዛቱ ሀብታም አልነበረም። ካማራጅ ከሕዝብ መዋጮ ጀመሩ። ገበሬው ሩዝና አትክልት፣ ነጋዴው ገንዘብ አዋጣ፤ መንግሥት ደግሞ ድጎማ ጨመረበት። በሳቸው ዘመን ተዘግተው የነበሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ አዳዲስ መንደር ድረስ ገቡ፣ ትምህርት እስከ 11ኛ ክፍል ያለ ክፍያ ሆነ፣ ለድሆች ልጆች የደንብ ልብስ መታደል ጀመረ። በ1951 ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነበር፤ በ1961 ከሦስት ሰው ወደ አንዱ ተጠጋ።

ምሳ ብቻ ነው የሠሩት እንዳትሉ። የቫይጋይና የሳታኑር ግድቦች፣ የጊንዲ የኢንዱስትሪ መንደር፣ በፔራምቡር የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የዚያ ዘመን ናቸው።

በ1963 ደግሞ ለኛ ጆሮ እንግዳ የሆነ ነገር አደረጉ። ሦስት ጊዜ የመሩትን ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ፓርቲያችን ወንበር ለምዶ ሕዝቡን ረስቷል፣ ነባር መሪዎች ወርደን ፓርቲውን እንገንባ የሚል ሐሳብ ለኔህሩ አቀረቡ፤ የካማራጅ ዕቅድ ተባለ። ስድስት የፌዴራል ሚኒስትሮችና ስድስት ዋና ሚኒስትሮች ለቀቁ፣ አንዱ ራሳቸው ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱን ወንበር አስታወሳችሁ? ከዚያ የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1964 ኔህሩ ሲሞቱ ሻስትሪ፣ በ1966 ሻስትሪ ሲሞቱ ኢንዲራ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ያደላደሉት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ለቦታው አልተወዳደሩም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም። ከ1965 ጀምሮ ድርቅ ገባ፣ ሩዝ ጠፋ፣ ተወደደ። ሂንዲን የመጫን ፍርሃት የታሚል ተማሪዎችን አደባባይ አወጣ። ተቃዋሚው ዲ.ኤም.ኬ. በአንድ ሩፒ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። በ1967 ምርጫ ኮንግረስ ከ234 መቀመጫ 51 ብቻ አገኘ። ካማራጅም በትውልድ ከተማቸው፣ በ1,285 ድምፅ ልዩነት፣ በአንድ ወጣት የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ። በሳቸው ዘመን ክፍል ገብቶ ፊደል የቆጠረው ትውልድ ነው ድምፁን የነፈጋቸው። ከዚያ ወዲህ ኮንግረስ ታሚል ናዱን መርቶ አያውቅም።

እኔ ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ውለታ ቢስነት መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ልጁን ያበላ መንግሥት የእናትየውን የሩዝ ዋጋ ካልቻለ ሕዝቡ ምን ያድርግ? የትናንት ምሳ የዛሬን እራት አይሆንም። ደግሞም የተማረ ሰው የሚመርጠው በምስጋና ሳይሆን በጥያቄ ነው። ካማራጅ ሽንፈታቸውን ያለ ግርግር ተቀበሉ። በ1969 በማሟያ ምርጫ ከናገርኮይል ወደ ፌዴራል ፓርላማ ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት ፓርቲው ሲሰነጠቅ ግን ራሳቸው ካነገሧቸው ከኢንዲራ በተቃራኒ ቆሙ፣ ተሸናፊው ወገን ሆኑ።

ጥቅምት 2 ቀን 1975፣ በጋንዲ የልደት ቀን፣ አረፉ። የኖሩት ኪራይ ቤት ነበር፤ ከጥቂት ልብስ፣ ከመጻሕፍትና ከትንሽ ገንዘብ በቀር የተዉት ሀብት እንዳልነበረ ይነገራል። በቀጣዩ ዓመት ህንድ ከፍተኛውን ሽልማቷን ባራት ራትናን ሰጠቻቸው። ምሳው ግን ቀጠለ። በ1982 ታሚል ናዱ አሰፋችው፣ በ2001 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁሉም ግዛቶች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የበሰለ ምግብ እንዲሰጡ አዘዘ። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ የህንድ ልጆች ትምህርት ቤት ምሳ ይበላሉ።

በኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በከተማ ደረጃ ሲጀመር ስለ በጀቱ ስንከራከር አስታውሳለሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ግን ከሂሳቡ ሌላኛው ወገን ደግሞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ አለ፣ እሱም ይቆጠር።

የኔ ጎረቤት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ሰነፍ እንዳልነበር ግን አሁን ገብቶኛል። እናንተ ክፍል ውስጥስ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም?